እምቡጡ ዘንድሮ አልረገፈም

ለምወድሽ ልጄ፣

ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላም ብዬሻለሁ። ያ ሳልሽ ለቀቀሽ? አለቃሽስ ከቁጣው በረድ አለ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን ጉልበቴን ሳልቆጥር ነው፤ እሱ ደረጃ ባየ ቁጥር ከእኔ ጋር ይጣላል።

የጻፍኩልሽ እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አጥሩ ሥር ስለተከለችው የሳሮን ጽጌረዳ ነው። አምና በስልክ «አባዬ፣ የእማዬ አበባ ሲፈነዳ እመጣለሁ» ብለሽኝ ነበር። እኔም ቃልሽን ይዤ ያን ቁጥቋጦ እንደ ሙሽራ ስንከባከብ ከረምኩ። እሱም ሳይፈነዳ፣ አንቺም ሳትመጪ ዓመቱ አለቀ። አንቺን አልተቀየምኩም፤ የተቀየምኩት ዛፉን ነው።

ያደረገኝን ልንገርሽ። ብርዱ አልፎ የሰፈሩ ዛፍ ሁሉ ሲለመልም እሱ ደረቅ እንጨት ሆኖ ቆመ። ሞቷል ብዬ ልነቅለው መቆፈሪያ አንስቼ ነበር። ጎረቤታችን ሾፌሩ፣ ያ ጡረታ ወጥቶም አውቶቡስ ሙሉ ሰው የሚያወርድ ይመስል የሚጮኸው፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ እስቲ ቅርፊቱን በጥፍርህ ፋቅ አድርገው አለኝ። ብፍቀው ውስጡ አረንጓዴ ነው። ለካ ጠባዩ ነው፤ ከሁሉም ዘግይቶ ነው የሚነቃው። መቆፈሪያዬን ይዤ እያፈርኩ ገባሁ።

ቅጠሉ መጣ፣ እምቡጡም መጣ። ከዚያ እምቡጡ ሳይፈነዳ ጠብ ጠብ ይል ጀመር፣ ቅጠሉም ቢጫ ሆነ። ተባይ ነው ብዬ መነጽሬን አድርጌ፣ ስፌት እንደምፈትሽ፣ ቅጠሉን እየገለበጥኩ አየሁ። ምንም የለም። የረገፈውን እምቡጥ በኪሴ ይዤ ችግኝ ሻጯ ዘንድ ሄድኩ። በጣቷ ከፍታ አየችውና በቀን ስንቴ እንደማጠጣው ጠየቀችኝ። ጠዋትና ማታ አልኳት፣ እየኮራሁ። ሥሩ ውሃ ውስጥ ተኝቶ እንዴት ያብባል ብላ ሳቀችብኝ፤ ጣቴን ሰድጄ አፈሩ ደርቆ ካላገኘሁት እንዳልነካው አስጠነቀቀችኝ። «አባባ፣ ይሄ ተክል እኮ አልጠማውም» አለችኝ።

ምክሯን ሰማህ ወይ እንዳትዪኝ። እሺ ብያት መጥቼ፣ ያንኑ ዕለት ማታ ቱቦውን ጎተትኩ። ምን ላድርግ? ሾፌሩ የውሃውን ድምፅ ሲሰማ ነው አጥሩ ጋ የሚመጣው። በሬን አንኳኩቶ መግባት አይሆንለትም፤ እኔም ሰው ቤት ዘው ማለት አልወድም። ውሃው እየወረደ ስለ ጉልበታችን እናማርራለን፣ መንግሥትን እናማለን፣ እናትሽን እናነሳለን። እናትሽ ስትስቅ እስከ እነሱ ግቢ ይሰማ እንደነበር የነገረኝ እሱ ነው። የልብስ ስፌት መኪናዬ ይህን አይነግረኝም።

ዘንድሮ ብርዱ ሳይወጣ የሾፌሩ ልጅ መጥቶ ወሰደው። አባቴን ብቻውን አልተወውም ብሎ ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞለት ሄደ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ይባረክ። ሾፌሩ በአጥሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝና አበባውን አደራ አለኝ፤ ያ ጯሂ ሰው፣ በሹክሹክታ። ከዚያ ወዲህ ቱቦው ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ብቻ በጆግ ጠብ አደርግለታለሁ።

እና ልጄ፣ እምቡጡ ዘንድሮ አልረገፈም። ዛሬ ጠዋት ስወጣ አንዱ ፈንድቷል፤ ነጭ፣ መሐሉ ቀይ፣ እናትሽ ትወደው እንደነበረው። ሳላስበው «ና እይ!» ብዬ ወደ አጥሩ ተጣራሁ። የሚያይ የለም። ብቻዬን ቆሜ አየሁት፤ ደስታም ለካ ለብቻ ሲሆን ይከብዳል።

አንዱ አበባ የሚቆየው አንድ ቀን ነው፤ ማታ ተጠቅልሎ በነጋታው ሌላው ይተካል። ብዙ እምቡጥ ስላለው አትሯሯጪ። አልጋሽን አንጥፌዋለሁ፣ የክፍልሽን መጋረጃም በአዲስ ጨርቅ ሰፍቼዋለሁ። ሥራ ይዞሽ ከዘገየሽም፣ አበባው ካለቀም፣ እሱ እንደገና ደረቅ እንጨት ሆኖ ከቆመም፣ ነይ።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ደጁን የማይቆልፈው
አባትሽ