የጣራው ቁልፍ

ለልጄ፣

የአላህ ሰላም ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የኩዌት ሙቀት ያንን ራስ ምታትሽን አልቀሰቀሰብሽም? ባላውቀውም ባልሽን ሰላም በይልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስለ ጉልበቴ ለአንቺ ብነግርሽ ደግሞ ምን ይፈይዳል፤ ደረጃውን አትወጪልኝም።

ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። በስልክ ብነግርሽ ታቋርጪኛለሽ። በስተርጅና ከሴቶች ጋር ተቀምጬ ፊደል የቆጠርኩት፣ ደብዳቤሽን የምታነብልኝ ጎረቤት ከእኔ በፊት እያለቀሰች ስላስቸገረችኝ ነው። ራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤሽ ግን «ሹሩቅን ላኪልኝ» የሚል ሆነ። ገና ጫማዋን ማሰር ሳትችል ትተሽልኝ የሄድሽውን ልጅ፣ ቁመቷ ከኔ ሲበልጥ ፈለግሻት።

ማንን እንደምትቀበይ እንድታውቂ ልንገርሽ፤ እኔም ብዙ አልገባችኝም። ጣራው ላይ ርግቦች አሏት። አቧራ ዓይኔ ውስጥ ይገባል ብላ የዋና መነጽር ታደርጋለች። የጣራውን በር ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ረጅም እንጨት ላይ ጨርቅ አስራ ርግቦቹን ለመምራት ስታውለበልብ ትውላለች። ርግቦቹን የሰየመቻቸው በወደቀችባቸው ትምህርቶች ነው። «አልጄብራ፣ ነይ ውረጂ!» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ከማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ ለሙያው «ኡስታ» የምንለው ዘንሁምም ርግብ ያረባል። የርግበኞችን ደንብ ታውቂዋለሽ፤ ጣራዬ ላይ ያረፈች የሰው ርግብ የኔ ናት፣ መልሱልኝ ማለት ነውር ነው። ሁለቱ በዚህ ደንብ ሲነጣጠቁ ኖሩ። ከጥቂት ወራት በፊት የዘንሁም ምርጥ ነጭ ርግብ እኛ ጣራ ላይ አረፈች። ልጅሽ ያዘቻትና ደረቷ ላይ አቅፋ፣ መነጽሯን እንዳደረገች፣ በሻይ ቤቱ ፊት መንገዱን ተሻግራ መለሰችለት። ወንዶቹ ሁሉ ሳቁ። ሴት ልጅ ርግብ ስታረባ መጨረሻው ይኸው ነው ተባለ። ያልሳቀው ዘንሁም ብቻ ነው። ለምን እንደመለሰችለት ቢጠይቃት፣ «ወደ ቤቷ እያየች እህል አልበላ አለችኝ» ብላው መጣች።

ከዚያ በኋላ ነው ርግቦቹን ሽጪና ልጅቷን ላኪ ያልሽኝ። ትምህርት ቤት በሄደችበት ዘንሁምን ጠርቼ ሸጥኩለት። ርግቦቹን ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ከተታቸው። ደረጃው ላይ ቆሞ መቀሱን ከኪሱ አወጣና፣

«ሐጃ፣ የለመደ ርግብ ክንፉ ካልተቆረጠ ተመልሶ ይመጣል። እዚሁ ልቁረጠው?» አለኝ።

መቀስ ማየት እንደማልወድ ነገርኩት። ትክ ብሎ አየኝ። «ገባኝ» አለና መቀሱን ኪሱ ከተተ። ምን እንደገባው እኔ እንጃ።

ሹሩቅ ስትመለስ ባዶውን የርግብ ቤት አይታ ወረደች። ታለቅሳለች፣ ትቆጣኛለች ብዬ የምመልስላትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ የጠየቀችኝ ግን ክንፋቸው ተቆርጦ እንደሆነ ብቻ ነው። አላየሁም አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝና የሙሉኪያውን የቅጠል ወጥ ከነድስቱ ጠርጋ በላች። ምን ዓይነት ልጅ ናት?

በሳምንቱ ዘንሁም ከፈተላቸው። ሰማዩን አንድ ጊዜ ዞሩና አልጄብራ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ ሆነው እኛው ጣራ ላይ አረፉ። ሻይ ቤቱ ተሳለቀበት፤ ፀጉር ቆራጩ ላባ መቁረጥ አቃተው አሉ። እሱ ግን «ደንብ ነው እንግዲህ፤ ያረፉት እዚያ ነው» ብሎ ምላጩን መሳሉን ቀጠለ። ገንዘቡን ብልክለትም አልቀበልም አለ። ስለዚህ እንዳልሽው ሸጬ ነበር፤ ቢመለሱ የኔ ጥፋት አይደለም።

ሹሩቅ ትመጣልሻለች። እምቢ አላለችም። ልብሷን ሻንጣ ስትከት ታንጎራጉር ነበር፤ ከደስታ ይሁን ከሌላ አልለየሁትም። «እናቴን ላውቃት እፈልጋለሁ» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ደግሞ አንገቴን አቅፋ ነው። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ ግራ ገብቶኝ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።

የርግብ ሥጋ አትሥሪላት፣ አትበላም። መነጽሯን አትጣይባት። ፀጉሯንም ተቆረጪ አትበያት።

የጣራውን ቁልፍ ትተሽልኝ ሂጂ ልላት ነበር፤ ከእንግዲህ ርግቦቹን የምመግበው እኔ ነኝና። ሳልነግራት ቀረሁ። አንገቷ ላይ ብታዪው አታስወልቂያት። ለኔ አያስፈልገኝም፤ በሩን አልቆልፈውም።

አላህ ቤትሽን ይባርክልሽ። ልጅሽን በደህና ያድርስልሽ። በደህና ያደረሰ ጌታ የመመለሻውንም መንገድ ክፍት ያድርገው።

እናትሽ