ጎረቤቴን ሊያስለቅቅ የተነሣው አውራ ጣቴ

ለክቡር የሰፈራችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ ይብዛ፣ ወንበርዎም አይነቃነቅ እያልኩ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ይህን የምጽፍልዎ እኔ አናጢው፣ ከማታ ትምህርት ቤት በአንደኝነት የተመረቅሁት ነኝ። ደህና፣ አንደኛ እንኳ አይደለሁም፤ ሦስተኛ ነኝ፤ ከአራት። ቢሆንም አርባ ጎረቤቶች ይህን ደብዳቤ ሳነብላቸው በጭብጨባ ስላጸደቁት፣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ይወቁልኝ።

በቅድሚያ ትምህርቱን ስለከፈቱልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ፊደል ከመቁጠሬ በፊት የኮሚቴው ጸሐፊ «የውኃ መስመር ማመልከቻ ነው ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይጫኑልኝ» ብሎ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክሮኝ ነበር። ያ ወረቀት ሰኞ ዕለት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሳየው፣ ይኸው ማንበብ ቻልኩ ብዬ ሰፈርተኛውን ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ውኃ የሚል ነገር የለበትም። «በአቋሙ ከነዋሪው የተለየው ልብስ ሰፊ እስከ ዓርብ ቤቱን ይልቀቅ» ይላል። ከግርጌው ያለችው መጋዝ የበላት አውራ ጣት የእኔው ናት። ስለዚህ አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

፩ኛ. የሰውየው ጥፋት ይታወቃል። እርስዎ ለሦስተኛ ጊዜ በሰብሳቢነት ይቀጥሉ ሲባል ሁላችንም እጃችንን ስናወጣ፣ እሱ እጁን ኪሱ ከቶ ተቀመጠ። እኔ ሁለቱንም ነበር ያወጣሁት፤ ቆጣሪው አንዱን እንዳወርድ ለመነኝ። በማግስቱ በመካከላችን ባለው የሳንቃ ግድግዳ በኩል እሱ «አጨብጫቢ!» ሲለኝ እኔ «ግትር!» ስለው አረፈድን፤ ከዚያ ምሳ አብረን በላን። መቻቻልን የምናውቀው እንዲህ ነበር። እርስዎ ስለ መቻቻል አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስተምሩን፣ እኛ እርስዎን እንድንችል እንጂ እርስዎ እኛን እንዲችሉ አለመሆኑ ዘግይቶ ነው የገባኝ።

፪ኛ. ካነበብኩበት ሰዓት ጀምሮ የስፌት መኪናው ድምፅ ጠፍቷል። ደንበኞቹ ጨርቃቸውን ሳይሰፋ እየወሰዱ ነው፤ ሰላምታ የሚሰጠውም የለም። ሚስቱ ዕቃ ስታስር ገመዱ ሲጠብቅ ይሰማኛል። ምላሴን ጉራ ባያሳክካት ኖሮ ወሬው ይህን ያህል ባልፈጠነ። ጆሮዬን ሳንቃው ላይ ለጥፌ እውላለሁ፤ ገመዱን ሳዳምጥ ትናንት የሰው ጠረጴዛ እግር አሳጥሬ ቆርጫለሁ።

፫ኛ. ወረቀቱ ላይ ከልብስ ሰፊው ስም ሥር ስምንት ባዶ መስመሮች ተሰምረዋል። ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ያስፈሩኝ እነሱ ናቸው። እስካሁን የእኔን እጅ ያዩት ሲወጣ ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ደክሞት ባይወጣስ?

እንግዲህ አውራ ጣቴ ከዓርብ በፊት ይሰረዝልኝ። ልብስ ሰፊው ተሳስቷል፤ ዛሬም እላለሁ። ተሳስቶም ቢሆን ከሳንቃው ወዲያ ይኑርልኝ። አይሆንም ካሉ፣ የመጀመሪያውን ባዶ መስመር በራሴ ስም፣ በገዛ ጽሕፈቴ እሞላዋለሁ፤ ለጸሐፊዎም ድካም ይቀንሳል።

የተቀመጡበትን ወንበር በእጄ የሠራሁልዎ፣ የትኛው እግሩ እንደላላም የማውቅ፣
ታዛዥዎ አናጢው

ማስታወሻ፦ ሁሉም እውነት ነው፤ አርባዎቹ ጎረቤቶች ብቻ ፈጠራዬ ናቸው። ደብዳቤውን ማንበብ ስጀምር በሮች አንድ በአንድ ተዘጉ። እስከ መጨረሻው የሰማኝ ልብስ ሰፊው ብቻ ነው፤ እሱም ከሳንቃው ወዲያ ሆኖ «አንደኛው ነጥብ ላይ አልስማማም» አለኝ።