የሦስተኛ ክፍል ሸሚዞች

ነሐሴ 12። ጠዋት 2 ሰዓት።
ስድስት ስድስት አነባብሬ እየቆረጥኩ ነው። አርባ ሸሚዝ፣ ለሦስተኛ ክፍል። ጨርቁ የት/ቤቱ ነው። ስማ ደብተር፣ ከፋሲካ ወዲህ የመጣልኝ ሥራ ይሄ ብቻ ነው። ካማረ የሌላውንም ክፍል ይሰጡኛል። ካላማረ ሱቁን እዘጋለሁ። ሶማሌ ተራ የሚሰቅለው ልብስ ሁሉ ከውጭ የመጣ ሆኗል።

የምቆርጠው በእታለም ወረቀት ነው። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ የሠፈሩን ልጅ ለክታ ከሲሚንቶ ከረጢት ያወጣችው ልክ። እሷ ትቆርጥ ነበር፣ እኔ እሰፋለሁ። ልብስ ሰፊው ግን እኔ ነኝ። መቁረጥ ምን አላት።

ነሐሴ 13።
ቆርጬ ጨረስኩ። ልጄ ትርሲት ደውላ ልምጣና ልቁረጥልዎት አለች። እናቷ አስተምራታለች። አያስፈልግም አልኳት። እኔ የማን ልጅ ነኝ? ያኔ ሰው ጨርቅ ገዝቶ፣ ተለክቶ፣ ሳምንት ይጠብቅ ነበር። አባቴ አስቀድሞ ሰፍቶ ገመድ ላይ ሰቀለ። ላልታወቀ ገላ ማን ይሰፋል ብለው ሳቁበት። ገጠሬው ጠዋት መጥቶ ለብሶ ሄደ።

ነሐሴ 14። ከቀኑ 9 ሰዓት።
የመጀመሪያውን ሰፋሁ። የጎረቤቴ የሰይድ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት፣ አለበስኳት። ቁልፉ አልደርስ አለ። ሰይድ ሳቀ። ጋሼ፣ ሸሚዙም ፍልሰታን ይጾማል እንዴ? አለኝ።
ሁለተኛውን ሰፋሁ። ያው። ሦስተኛው ያው።
አርባውም ተቆርጧል። የተረፈው ቁርጥራጭ ብቻ ነው። የት/ቤቱ ዳይሬክተር ሸሚዙ ደረሰ ወይ ብላ ደወለች። መብራት ጠፋ አልኳት። ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜዬ።

ነሐሴ 15።
ዝናብ። ሱቅ አልከፈትኩም። ለትርሲት የደወለላት ሰይድ ነው። ከመሳለሚያ በእግሯ መጣች፣ ረጥባ። ወረቀቱን አየች። አባባ፣ እማዬ እኮ ወረቀቱ ላይ የስፌቱን ትርፍ አትጨምርም ነበር፤ ጨርቁ ላይ በጣቷ ለክታ ነበር ዙሪያውን የምትተወው። አርባ ዓመት አጠገቧ ተቀምጠው አላዩም? አለች።
አላየሁም። ዓይኔ መርፌዬ ላይ ነበር። አንድ ቀንም አልጠየቅኳት።
ከቁርጥራጩ ጎንና ጎኑ ላይ ቅጥያ እናስገባ አለች። ጮህኩባት። በአባቴ ሱቅ ቅጥያ ልብስ አልተሰቀለም አልኩ። እንግዲያው ይዝጉት አለችና ወጣች።

ነሐሴ 16።
ጾም ተፈታ። ሥጋው ቀርቦ አልበላሁም። ጠዋት ሱቁን ልዝጋው ብዬ የስፌት መኪናዬን ሸፈንኩ። ሸፍኜ ቆምኩ። እጄ ምን ሊሠራ ነው?
ገለጥኩት።
ት/ቤት ዳይሬክተሯ ዘንድ ሄድኩ። መብራት አልጠፋም፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ በቅጥያ አስተካክለዋለሁ አልኳት። ፊቷን አላየሁም። ቅጥያው ካላስጠላ እስከ ረቡዕ ያምጡ አለች፤ ካስጠላ ጨርቁን እተካለሁ። በምን እንደምተካው እግዜር ያውቃል።
ለትርሲት ደወልኩ። ይቅርታ ማለት አልወጣልኝም። ነይ ብቻ አልኳት። መጣሁ አለች።
እሷ ትቁረጥ። እኔ የሰጠችኝን እሰፋለሁ።