የጥቅጥቆቹ ሥር

ሚያዝያ 3
ሳሙና አላስነካሁትም አልኩ፣ አላስነካሁትም። ስንት ጊዜ ልማልላት? ቅቡ ከፕላስቲኩ ላይ ከተላጠ እኔ ምን ላድርግ... እህቴ ግን በላቦራቶሪው ሰው ሁሉ ፊት፣ "ትምህርት ስታቋርጪ ጆሮሽንም አብረሽ አቋረጥሽው?" አለችኝ። ሳቁ። "ጆሮዬ ደህና ነው፣ አንቺን የመሰለ አስተማሪ ስለገጠመኝ ነው ያቋረጥኩት።" ሳቁ ቆመ።
ጠርሙስ አጣቢ አድርጋ ያስገባችኝ ራሷ ናት። ታዲያ ባጥብ ምን ይገርማል? ያውም ሳላጥብ።

ሚያዝያ 4
አኩርፌያለሁ። አልጽፍም።

ሚያዝያ 7
እማዬ ጣልቃ ገብታ ታረቅን። በግድ።
እህቴ አዲስ ሙከራ ጀመረች። ነገሩ የሽንት ቱቦ ነው፣ አባባ ታሞ ሁለት ወር የተሸከመው ዓይነት። ጀርም እየተጣበቀበት በትኩሳት ሲቃጠል ከርሞ የለ? ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። ፕላስቲኩ ላይ ፖሊመር ትቀባለች። "ፀጉር ነው በይው" አለችኝ፣ "አንድ ጫፉ ፕላስቲኩ ላይ የተተከለ። ውሃ ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጀርም መቀመጫ ያጣል።" ገባኝ። የኬሚስትሪ መምህሬ እንዲህ መናገር ቢችል ኖሮ ዛሬም ክፍል ውስጥ ነበርኩ።
ስምንት ቁራጭ ቱቦ በየጠርሙሱ ውሃ ውስጥ ከተትን። አራቱ ላይ ፀጉሩ ሳሳ ብሎ ተተክሏል፣ አራቱ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ። የእኔ ሥራ በየቀኑ ጠብታ ማሳረፍ። ጠብታው ከተነጠፈ ቅቡ አለ። ከተድቦለቦለ ፕላስቲኩ ራቁቱን ቀርቷል። ከዚያ ቀኑን ጽፎ መመዝገብ። "ቀን ያልተጻፈበት ነገር አልተደረገም" ትላለች። እሺ እመቤቴ።

ሚያዝያ 14
ሰባተኛ ቀን። ስምንቱም ላይ ተነጠፈ፣ ጥቅጥቆቹ ላይማ እልም ነው። "አየሽ? ሲበዛ ይጸናል" አለች፣ ደረቷን ነፍታ። "በቃ፣ ደፍተሽ እጠቢ።"
"አባባ ቱቦውን የተሸከመው ሰባት ቀን ነው እንዴ?"
"አንቺ ክብሪት፣ ያልተጠየቅሽውን አትለኩሺ።"
ደፋሁ አልኳት እንጂ አልደፋሁም። በእልህ። ከነውሃቸው ከመታጠቢያው ሥር ሸጎጥኳቸው።

ሚያዝያ 23
ፀጉሬን ሠራችኝ። ዓይኔ እስኪጠብ። "ኧረ ላላ አድርጊው፣ ግንባሬ ላይ ያለው ከሥሩ ተነቅሎ ሊያልቅ ነው" ብላት፣ "ላላ ካለ አይቆይም።" ይህችን ሰው ምን ይሻላታል?
ነገ ቅቧን ሊጠቀም ወደሚፈልግ ቱቦ ፋብሪካ ትሄዳለች፣ ሌላ ከተማ ነው። ጥቅጥቁን ምረጡ ልትላቸው።

ሚያዝያ 25
የሸጎጥኳቸውን አወጣሁ። አሥራ ስምንተኛ ቀናቸው። ሳሳዎቹ አራቱም ላይ ጠብታው ተነጠፈ። ጥቅጥቆቹ... ሦስቱ ላይ ድብልብል ብሎ ቁጭ። እጄን ታጥቤ፣ አዲስ ውሃ ቀድቼ ደገምኩት። ያው ነው።
ደወልኩ። "ሳሙና አስነክተሽዋል" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ከዚያ ስድስት ጊዜ ደወልኩ። አታነሳም።
የድሮውን መዝገብ ገለጥኩ። ሚያዝያ 3 ተላጠ ብላ የጮኸችብኝስ የትኛው ነበር? ጥቅጥቁ።
በቃ፣ ይህን ገጽ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ቀን ተጽፎበታል፣ ስለዚህ ተደርጓል። ደፋሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው፣ ስትመጪ ትቆጪኛለሽ። አሁን ግን ስሚኝ። ፀጉሩ ሲበዛ ውሃ ውስጥ ቦታ አያጣም? እየተገፋፋ፣ እየተለጠጠ የገዛ ሥሩን የሚነቅል ይመስለኛል። ካላመንሽ ግንባሬን አስታውሺ፣ አንቺው ነሽ የሠራሽኝ። የአባባን ዓይነት ሰው ውስጥ ገብቶ ነው የሚላጠው፣ ጠርሙስ ውስጥ አይደለም።
ከፋብሪካው ጋር ያለሽ ስብሰባ ነገ ጠዋት ነው። ጠርሙሶቹ ፊቴ ናቸው፣ የጠየቅሽኝን ሁሉ እያየሁ እነግርሻለሁ። ስደቡንም አንድ ላይ ጨርሺው። ብቻ ሳይመሽ ደውይ።