ገብሱ ዘንድሮ፣ ስንዴዋ ለከርሞ እንዳይሆን

ቀን፦ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነባር ዘር ጎተራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በጽሕፈት ቤትዎ የተለያዩት ገብስና ስንዴ በአንድ ቀን እንዲሰጡኝ ስለመጠየቅ

1. አመልካች ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ዳቦ ቤት ያለኝ የአራዳ ነዋሪ ነኝ። አባቴ አቶ እንድሪስ ወሎ ገበሬ ሳሉ ገብስና ስንዴ ደባልቀው ነበር የሚዘሩት፤ ዝናብ ሲያጥር ገብሱ፣ ሲበቃ ስንዴዋ ታበላለች። ከዚሁ ዘር አንድ ቁና ለጽሕፈት ቤትዎ በአደራ ሰጥተዋል።

2. ጽሕፈት ቤትዎ ግን ዘሩን ለቅሞ ለየው። ተጣልተው የማያውቁ ባልና ሚስት ያለ ሽማግሌ ተፋቱ። ይኸው ገብሱ በአንድ ማቀዝቀዣ፣ ስንዴዋ በሌላ ማቀዝቀዣ ይኖራሉ። ንጽሕናው ያስመሰግናል፤ የእኔ ዳቦ ቤት እንኳ እንዲያ አይጸዳም።

3. ደግነቱ የእርስዎው ተመራማሪ ዶክተር ጽዮን የሁለቱንም ዘረመል አንብበው፣ እኩል እንደሚደርሱና ስንዴዋ ዋግ የሚባለውን የሰብል በሽታ እንደምትቋቋም ደርሰውበታል። ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ፣ «ብዙ ዘመን አብረው ስለኖሩ ተላምደዋል፤ ማሳ ላይ አብረው ባያቸው ደስ ይለኛል» አሉኝ። ምስክሬ እሳቸው ናቸው።

4. ወሎ ያለው ወንድሜ አብዱልሙሀይሚን ለዘር ያስቀመጠውን በድርቁ ጊዜ ለልጆቹ አብልቶ ጨረሰ፤ አልወቅሰውም። ከገበያ የገዛውን ደግሞ ዓምና ዋግ መታበት። ዘንድሮ ማሳውን አርሶ፣ የሚዘራው አጥቶ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

5. ዘር እደላ ክፍል ስሄድ የክፍሉ ሠራተኛ አቶ ካላዩ በትሕትና ተቀብለውኝ፣ መመሪያው ለአንድ ጠያቂ በዓመት አንድ ዓይነት ዘር ብቻ ስለሚፈቅድ ገብሱን ዘንድሮ፣ ስንዴዋን ለከርሞ እንድወስድ ነገሩኝ። ክቡር ሆይ፣ ሙሽራው ዘንድሮ ገብቶ ሙሽሪት ለከርሞ የምትመጣበት ሰርግ የት አገር አለ? እዚያው ፊታቸው ሳቄ አመለጠኝ። ደረጃው ላይ ስደርስ ግን አለቀስኩ።

ስለዚህ ከሁለቱም እፍኝ እፍኝ በአንድ ቀን እንዲሰጠኝ በአክብሮት አመለክታለሁ፤ ወንድሜ ያራባዋል። መመሪያው አንድ ከረጢት ካልፈቀደ በሁለት ይሁን፤ ድልድዩን ስሻገር እኔው አጋባቸዋለሁ።

ይህንን ጉድ ለአባቴ ብነግራቸው ሽማግሌ ሆነው ሰኞ ቢሮዎ ሊመጡ ቆርጠዋል። እንደ ሽምግልናው ደንብ እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እባክዎ ብዙ አያቁሙብኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዳቦ ቤታችን ሰላምታ ጋር

ዐፊፋ እንድሪስ
(ፊርማ)