ስለ ባዝራችን አባትሽ ያልነገረሽ

ልጄ፣ ያለሽበት አገር እንደ እናት ይቀፍሽ፤ ክፉ አይይሽ። እኛ ደህና ነን። የጋጣውን ጣሪያ አሳደስን፤ አሁን የሚያፈሰው የእኛው ቤት ብቻ ነው።

አባትሽ «እንዳትነግሪያት፣ ሥራዋን ትጠላለች» ብሎ አስምሎኝ ነበር። መሐላዬን እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንቺ እንደመከርሽው ሐኪሙ ከባዝራችን ጅራት ሥር ትንሽ ስብ ወስዶ፣ ሕዋሱን ላቦራቶሪ ውስጥ አራብቶ የቆሰለው ማኅፀኗ ውስጥ ጨመረላት። ቁስሉም ዳነ፤ ስድስት ዓመት መካን የነበረችው አረገዘች። እስከዚህ ነግረንሻል። ያልነገርንሽ፣ በሰባት ወሯ አስወረዳት። ሐኪሙም ምክንያቱን አላወቀውም። አባትሽ ውርንጭላዋን በኮቱ ጠቅልሎ ራሱ ቀበራት። «የልጄ ጥፋት አይደለም» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ነገሩን አንስቶት አያውቅም።

ልጄ፣ ሌላውም ባለፈረስ አንቺን አምኖ ነው የሚያሳክመው። በጥናትሽ ላይ ማርገዟን ከጻፍሽ ማስወረዷንም ጻፊ። ባዝራዋ ግን ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ሲጠሯትም ቀና ትላለች።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለአባትሽ ደውይለት፤ የሰማሽ ግን እንዳትመስዪ። ራሱ ይንገርሽ። ማልቀስ ካለበትም ላንቺ ያልቅስ፤ ለእኔ እምቢ ብሎኛል።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይዳን።

እናትሽ