የወርካው መነኮሳት

ኅዳር 7 ቀን 1958፣ ፍኖተ ሰላም
ፋይል ሳገላብጥ ረፈደ። ለደን መሥሪያ ቤታችን ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። በየደኑ ያለው የዱር አራዊት በዓይነትና በቁጥር ይመዝገብ ይላል። አውሬ የሌለበት ደን ለጣውላ ሊፈቀድ ነው። አለቃዬ “ክንዱ፣ አንተ ቡሬን ጀምር” አሉኝ። ደስ አለኝ... ወንበር ላይ ከመሻገት ይሻላል።

ኅዳር 9
ከቡሬ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግር። የሚካኤል ደብር፣ ዙሪያው ጥቅጥቅ ያለ ደን። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ተቀበሉኝ። ስለ ጣውላው አላነሣሁባቸውም። ምን ያደርግላቸዋል?
“ጉሬዛ አለ?” ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ።
“ያ የሚሉት እዚህ የለም፣ ጌታው።”
“ሌላስ አውሬ?”
“ምን አውሬ አለ! መነኮሳቱ ናቸው እንጂ።”
“ጉሬዛ፦ የለም” ብዬ ጻፍኩ። ግን መነኮሳቱ የት ነው የሚያድሩት? አንድም ጎጆ አላየሁ።

ኅዳር 10
ወይዘሮ ባንቺአየሁ እርሻቸው ከደኑ ጋር ይዋሰናል። ባቄላ ሲነቅሉ አገኘኋቸው። መነኮሳቱን የት ላግኛቸው አልኩ።
“ወርካው ዘንድ። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ ነው እሚገኙ።”
“ምን ይበላሉ?”
“ቅጠል።”
ቅጠል ብቻ! “ሰው ያናግራሉ?”
“ኧረ ወዲያ! ሰው ካዩ ወደ ላይ ነው።”
ወደ ላይ?... ሴትዮዋ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ብሕትውና! ሳልባረክ አልመለስም። ጧፍ ገዛሁ።

ኅዳር 11
ሞኝ ነኝ።
በማለዳ ጫማዬን አውልቄ፣ ጧፌን ይዤ ወርካው ሥር ቆምኩ። ቀና ስል... ጥቁር ቀሚስ፣ ነጭ ካባ፣ ነጭ ጺም። ረጅም ጅራት! ጉሬዛ ነው። አሥር፣ አሥራ አምስት... ዝም ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዱ ቁልቁል አየኝና ቅጠሉን ማኘክ ቀጠለ። መሪጌታ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ።

በአባታቸው ዘመን ቆዳ ነጋዴዎች እየመጡ፣ የጉሬዛን ስም እየጠሩ ያገኙትን ሰው ሁሉ ይጠይቁ ነበር አሉኝ። ሰውም እያሳየ ያስገድል ነበር። ሊያልቁ ሲሉ ካህናቱ ስሙ እንዳይጠራ ገዘቱ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ደብር የሚጠራው የለም፤ ልጅ አዋቂው “መነኮሳቱ” ነው የሚል። ምን ዓይነት ብልሃት ነው!

ይኼኔ ስለ ጣውላው ነገርኳቸው። ሳቁ ጠፋ። የለም ብል ደኑ ይቆረጣል። አለ ብል ወረቀቱ ስንት እጅ ያልፋል... የነጋዴ ጆሮ ደግሞ ረጅም ነው።
“ምነው በመጀመሪያው ቀን ቢነግሩን?” አሉኝ። አፈርኩ።

ኅዳር 12
ንግሥ። ታቦቱ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ወርካው ሥር ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ “የአባቶች ግዝት አይፈታም” አሉ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ተነሡ።
“እንግዲያ ስማቸውን ሸሽገን ቤታቸውን ልናስቆርጥ?”
ብዙ ተባለ፣ ፀሐይዋ አዘነበለች... በመጨረሻ ካህናቱ ግዝቱን ፈቱ። ሌላ ገዘቱ፦ የሚገድል፣ ቆዳ የሚሸጥ፣ አይቶ ዝም የሚል።
ከዚያ አብረን ቆጠርን። እኔ ሁለቴ ተሳሳትኩ፤ ሴትዮዋ አንዴም አልሳቱ። ሠላሳ አንድ።

ኅዳር 17፣ ፍኖተ ሰላም
መሪጌታ “ወረቀት ብቻውን አይሄድም” ብለው እዚህ ድረስ መጡ። አለቃዬ ቅጹን አገላበጡት። “የለም” የሚለውን ሰርዤ መጻፌ አልጣማቸውም።
“አባቴ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። እዚያ ደን ምን አለ?”
መሪጌታ መቋሚያቸውን ጨበጡ። ካልተናገሩ አለቀልን...
“ጉ...” አሉና ቆሙ። አለቃዬ ብዕራቸውን አስቀመጡ።
“ጉሬዛ።” ደግሞ ጮክ ብለው፣ “ጉሬዛ! ሠላሳ አንድ ነፍስ!”
አለቃዬ “ደኑ አይነካም” ብለው ጻፉና ፈረሙ።
ደጅ ስንወጣ መሪጌታ ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ።
“ሰባ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ፣ በስማቸው ስጠራቸው ዛሬ ገና ነው” አሉኝ።